ምዕራፍ 6፦ ቦዩ ሳይደፈን

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ሲም ካርድ ለመግዛት የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፦ «የቴሌ ነው የሳፋሪኮም?» ሻጩ ይህን የሚለው ሻይ ወይስ ቡና እንደሚል አስተናጋጅ በተለመደ ድምፅ ነው። በገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ባጃጅ ይዞራል፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሰፊ አስፋልት ሰው ይተላለፋል፣ ገዢውም በቆመበት ዋጋ አመዛዝኖ አንዱን ይመርጣል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በፊት በኢትዮጵያ ምድር ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሲም ሻጭ አልነበረም።

ያው ገዢ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ጥያቄው አብሮት ቤት አይገባም። በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ራውተሩ ላይ የሚሰካውን ሽቦ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መልሱ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነውና። መንገድ ላይ ምርጫ አለው፣ ሳሎኑ ውስጥ የለውም። የቤት ኢንተርኔታችን ለምን እንደሚዘገም ለመረዳት ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን «ዘገምተኛ» የምንለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ እንለይ።

«ስንት ሜጋ ነው?»

ኢንተርኔት ለማስገባት የሄደ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። «4 ሜጋ» ሲባል ብዙ ሰው በሰከንድ 4 ሜጋባይት የሚወርድለት ይመስለዋል። ሜጋባይት ስልካችን ላይ የፎቶና የቪዲዮ መጠን የሚጻፍበት መለኪያ ነው። የመስመር ፍጥነት ግን የሚለካው በሜጋቢት ሲሆን፣ 8 ቢት ተደምሮ አንድ ባይት ይሆናል። ስለዚህ የ4 ሜጋ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ነው። 1 ጊጋባይት የሚሆን ፊልም፣ መስመሩ ለአንዲት ሰከንድ ሳይዛነፍ ቢሠራ እንኳን፣ 2,000 ሰከንድ ወይም 33 ደቂቃ ይፈጃል።

አሁን ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ አንድ ቤት እናስብ። አባት ዜና ከፍቷል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጅ ትምህርቷን በቪዲዮ ትከታተላለች፣ ታናሿ ኳስ ያያል፣ እናት ውጭ አገር ካለች እህቷ ጋር እየተያየች ታወራለች። ጥርት ያለ ቪዲዮ ብቻውን 5 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። 4 ሜጋ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1 ይደርሰዋል፤ የአንዱም ምስል ሳይቆራረጥ አይዘልቅም። ያንን ቤት የሚያስጨንቀው የመስመሩ ብልሽት አይደለም። የተገዛው መጠንና የቤቱ ፍላጎት አልተገናኙም።

ሌላም ተደብቆ የሚቀር ቁጥር አለ። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው የተለመደው ብሮድባንድ፣ ኤዲኤስኤል የሚባለው፣ ሁለት እኩል ያልሆኑ ጎኖች አሉት፦ የሚወርደው ሰፊ፣ የሚወጣው ጠባብ። ቴክኖሎጂው የተነደፈው ቤተሰብ ከኢንተርኔት የሚቀበል እንጂ ብዙ የሚልክ አይደለም በሚል ግምት ነው። ዛሬ ግን ቤቱ ሥራ ቦታ ሆኗል። የሚወጣው ፍጥነት ግማሽ ሜጋቢት ከሆነ፣ አንድ ወጣት የሠራውን 100 ሜጋባይት ቪዲዮ ለደንበኛው ለመላክ 27 ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለበት። በመሀል መብራት ከጠፋ ብዙ ጊዜ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ጉዞው የት ላይ ይደክማል?

«አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፣ ኢንተርኔቱም ከሩቅ ስለሚመጣ ነው» የሚል ማብራሪያ አዘውትረን እንሰማለን። እስቲ እናስላው። ከሐዋሳ የተነሣ መልእክት 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወጥቶ ከባሕር ሥር ከተዘረጉት መስመሮች ይገናኛል። እስከ አውሮፓ ያለውን መንገድ በጅምላ 7,000 ኪሎ ሜትር እንበለው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ መልስ 14,000 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው የሰከንድ 7 መቶኛ ያህል ነው። ዓይን ቢጨፈን ሳይገለጥ ያልቃል።

ርቀቱ ወጪ ይጨምራል፤ በጎረቤት አገር በኩል ለማለፍ ይከፈላል፤ የባሕር ሥር መስመር ሲበጠስም እንጎዳለን። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ መስመሮች ሲበጠሱ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተጎድተዋል። የዘወትሩ የማታ ዝግመት ምንጭ ግን ባሕሩ ሳይሆን ለቤታችን የቀረበው ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ወደ ግቢ የሚያስገባው መተላለፊያ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቤት የሚገባው ያችኑ ታህል ነው።

ይህ የመጨረሻ ቁራጭ በብዙ ቤት እስካሁን የመዳብ ሽቦ ነው። መዳቡ የተዘረጋው ለስልክ ነበር፤ የሰው ድምፅ በስልክ ለመሰማት ከ3,400 ኸርዝ በላይ አይፈልግም። ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ ሲላክ በሚሊዮን የሚቆጠር ኸርዝ ይጠቀማል፤ ይህ ከፍተኛ ንዝረት ደግሞ በመዳብ ውስጥ ሲሄድ በፍጥነት ይደክማል። የተሻሻለው ኤዲኤስኤል ለማዕከሉ ቅርብ በሆነ ቤት እስከ 24 ሜጋቢት ሊደርስ ይችላል። 5 ኪሎ ሜትር ከራቀ 1 ወይም 2 ሜጋቢት ቢገኝ ነው። አንድ ዓይነት ፓኬጅ የገዙ ሁለት ጎረቤቶች የተለያየ ፍጥነት የሚያገኙት ሽቦው በሚዞርበት መንገድ ርዝመት ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ የነካው መጋጠሚያ መስመሩን ያውካል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ኔቱ ይሄዳል የሚለው ምሬት በሳይንስም የተደገፈ ነው።

ፋይበር ይህ ችግር የለበትም። ከፀጉር የማይወፍር የብርጭቆ ክር ነው፤ በውስጡ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሄድም፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢርቅ አይደክምም። ለቤቶች በሚዘረጋው የተለመደ ዓይነት አንድ ክር ከማዕከል ተነሥቶ ለ64 ቤት ሊከፋፈል ይችላል፤ የሚሸከመውም 2,500 ሜጋቢት ያህል ነው። ስድሳ አራቱም ቤቶች በአንድ ቅጽበት ቢጠቀሙ እንኳን ለእያንዳንዱ 39 ሜጋቢት ይደርሰዋል። መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል፤ የጎደለው ወደየቤቱ የሚያደርሰው ነው።

ማታ 2 ሰዓት

ታኅሣሥ 19 ቀን ፒያሳን ያየ ሰው መጨናነቅ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ያው አስፋልት፣ ያው አደባባይ ነው፤ የገብርኤልን ንግሥ ሊያከብር የመጣው ሕዝብ ግን በአንድ ቀን አንድ ላይ ይደርሳል። የቤት ኢንተርኔት በየማታው እንደዚህ ያለ ንግሥ አለው። ከሥራና ከትምህርት የተመለሰ ሁሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይከፍታል።

አቅራቢዎች፣ በየትኛውም አገር፣ ሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ይጠቀማል ብለው አያቅዱም። የ4 ሜጋ ፓኬጅ ለ100 ቤት የሸጠ ድርጅት ለሰፈሩ 400 ሜጋ አያስገባም፤ 40 ወይም 20 አስገብቶ ለሁሉ ያዳርሳል። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም፤ እንዲህ ባይደረግ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ጥያቄው ስንት ቤት በስንት ሜጋ ላይ ይጫናል የሚለው ነው። በአንድ ቤት ድርሻ ላይ ሃያ ቤት ወይስ አምስት? ቁጥሩን የሚወስነው የፊዚክስ ሕግ ሳይሆን የድርጅቱ ሂሳብ ነው።

ሂሳቡን የሚለውጠው አንድ ፍርሃት ነው፦ ደንበኛው ትቶኝ ይሄዳል የሚል ፍርሃት። ማታ ማታ የሚቆራረጥበት ሰው በሳምንት ውስጥ ወደ ሌላ አቅራቢ መዞር ከቻለ፣ ድርጅቱን መስመሩን ማስፋት ያዋጣዋል። መዞሪያ ከሌለው ግን በቅንነት የሚሠራ ባለሙያ እንኳን የማስፋፊያ በጀት ሲጠይቅ የሚያቀርበው ምክንያት ያጥረዋል። ስለዚህ የፉክክር ጉዳይ ከፍጥነት ጉዳይ ተነጥሎ አይታይም።

አንድ ድርጅት፣ አንድ ሽቦ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽንን ራሱን በቻለ ቦርድ ሥር አቋቋመ፤ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመርም ያስጀመረው የመንግሥቱ ድርጅት ነበር። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ድርጅቱ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደ አዲስ ተቋቋመ፤ ሕዝቡ ግን ስሙ ቢቀያየርም «ቴሌ» ከማለት አልወጣም።

ለረጅም ጊዜ በሩ የተዘጋው በምክንያት ነበር። ትርፉ እንደ ባቡር ዝርጋታ ላሉ ትልልቅ ሥራዎች የሚውል የመንግሥት ገቢ ነበር፤ የግል ድርጅት ከገባ ደግሞ ከተማውን ብቻ መርጦ ገጠሩን ይተዋል የሚል ሥጋትም ነበር። ይህ ሥጋት ዛሬም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ገንዘቡም አልተያዘም፦ በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተፈርሟል። ሚሊዮኖች ሞባይል የያዙት በዚህ ወጪ ነው።

የቤት መስመሩ ግን ከዚህ ሩጫ ወደ ኋላ ቀረ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም 66.59 ሚሊዮን ደንበኞች እንዳሉት ሲገልጽ፣ ከእነዚህ ውስጥ የቋሚ ብሮድባንድ ተጠቃሚዎች 506.8 ሺህ ነበሩ። ከመቶ ደንበኞች አንድ እንኳን አይሞላም። አንድ ቋሚ መስመር ለቤተሰብ ወይም ለድርጅት እንደሚውል ብናስብም፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለበት አገር ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ነው።

በአየር የገባው ተፎካካሪ

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ ገበያው በሕግ ተከፈተ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት፣ ቮዳኮምን፣ ቮዳፎንን፣ የጃፓኑን ሱሚቶሞንና የእንግሊዙን ሲዲሲን ይዞ፣ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ። ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ተቀባይነት አላገኘም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሙከራ ጀመረ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ አስጀመረ። ለሦስተኛ ድርጅት በ2015 ዓ.ም. እንደገና የወጣው ጨረታ ግን ያለ ውጤት ተዘጋ።

የፉክክር ጥላ ገና ከሩቅ ሲታይ ዋጋ መውረድ ጀምሮ ነበር። መንግሥት ዘርፉን እንደሚከፍት ባሳወቀ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የቋሚ ብሮድባንድ ዋጋም እስከ 65 በመቶ ወረደ። ዋጋው የወደቀው ተፎካካሪው አንድ ምሰሶ እንኳን ሳይተክል ነው። የሚመጣ እንግዳ ቤት እንደሚያስጠርግ ሁሉ፣ የሚመጣ ተፎካካሪም የዋጋ ዝርዝር ያስከልሳል።

የሳፋሪኮም ፈቃድ የሞባይል ብቻ አይደለም፤ የቤት መስመር መዘርጋትንም ይፈቅድለታል። ታዲያ ፉክክሩ ስልካችን ላይ ሲደርስ ግድግዳችን ጋ ለምን ቆመ? መልሱ መሬቱ ውስጥ ነው። አንድ የሞባይል ማማ ሲተከል በዙሪያው ያለ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ፋይበር ግን መንገድ ተቆፍሮ፣ ቱቦ ተቀብሮ፣ ግቢ ለግቢ ተዙሮ ነው የሚገባው። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚበላው ክሩ ሳይሆን ቁፋሮው ነው። ሁለተኛ የመጣ ድርጅት ያንኑ መንገድ እንደገና ቆፍሮ፣ ከአሥር ቤት ሦስቱ ቢዞሩለት ወጪውን መመለስ ይከብደዋል። አንድ ግቢ ሁለት የውኃ ቧንቧ የሌለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ፉክክሩ ቀላል በሆነለት በኩል ገባ። ማማዎችን አንዱ ከሌላው ተከራየ። ከተማን ከከተማ በሚያገናኘው ረጅም መስመር ላይም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶዎቹ ላይ የዘረጋውን ፋይበር ለቴሌኮም ድርጅቶች ያከራያል። ለቤት የሚቀርበው ሁለተኛ አማራጭ በአብዛኛው ሲም የሚገባበት ራውተር ነው፤ ጠቃሚ ነው፣ ግን ከሰፈሩ ስልኮች ሁሉ ጋር ያንኑ ማማ ስለሚጋራ ማታ 2 ሰዓት ላይ እሱም ንግሥ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ዌብስፕሪክስ ያሉ ድርጅቶች ከኢትዮ ቴሌኮም በጅምላ ገዝተው ለቤቶች በችርቻሮ ያቀርባሉ። የደንበኛ አገልግሎት ላይ ይፎካከራሉ፤ ምንጩ አንድ ስለሆነ ግን ከጅምላው ዋጋ በታች መውረድ አይችሉም።

ሽቦው የአንድ፣ ገበያው የብዙ

ይህን ቋጠሮ ሌሎች እንዴት ፈቱት? በፈረንሳይ ወደየቤቱ የሚገባው መዳብ ሁሉ የፍራንስ ቴሌኮም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ነባር ድርጅቶች ያንን ሽቦ በተመጣጣኝ ዋጋ ለተፎካካሪዎቻቸው እንዲያከራዩ አስገደደ። በ2002 እ.ኤ.አ. ፍሪ የተባለ ድርጅት በተከራየው ሽቦ ላይ በወር 29.99 ዩሮ የሚከፈልበት ብሮድባንድ ይዞ ቀረበ፤ ሌሎቹም ወደዚያው ዋጋ ለመጠጋት ተገደዱ። ሁለተኛ ሽቦ ሳይቀበር ገበያው ተለወጠ። ይህ ታሪክ እኛን በቅርብ ይነካናል፦ ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ሲቋቋም አስተዳደሩን በውል የተረከበው ያው ፍራንስ ቴሌኮም ነበር። የአስተዳደር ልምዱን አመጣልን፤ አገሩ ላይ የተጣለበትን ሽቦ የማከራየት ግዴታ ግን የሚጥል ሕግ በዚያን ጊዜ እኛ ጋ አልነበረም።

የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ሌላ መንገድ መረጠች። በ1994 እ.ኤ.አ. የከተማው አስተዳደር ስቶካብ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ከተማውን በፋይበር አስተሳሰረ። ስቶካብ ራሱ ለቤተሰብ ኢንተርኔት ለመሸጥ አልተነሣም፤ ባዶውን ክር ለጠየቀ አቅራቢ ሁሉ በእኩል ዋጋ ያከራያል። አንድ ጊዜ ተቆፈረ፣ ብዙዎች ነገዱበት። ወደ ጎረቤት ስንመጣ፣ ኬንያ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. የባሕር ሥር መስመሮች ሞምባሳ ከደረሱ በኋላ በርካታ ድርጅቶች የናይሮቢን ቤቶች በፋይበር ለመያዝ ተሽቀዳደሙ፤ ሳፋሪኮም ራሱ እዚያ ከዙኩና ከፋይባ ጋር ይፎካከራል። ሐዋሳ ላይ በአየር ብቻ የምናውቀው ድርጅት ናይሮቢ ላይ በሽቦ ቤት ያንኳኳል።

የፈረንሳይና የስቶክሆልም ታሪኮች የሚጋሩት ሐሳብ አንድ ነው፦ ቱቦውንና በቱቦው የሚያልፈውን ለይቶ ማየት። ቱቦው አንድ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ውድድሩ በውስጡ ይካሄዳል። በእኛም ሕግ መሠረተ ልማትን መጋራት ተደንግጓል፤ ባለሥልጣኑም መመሪያ አውጥቶለታል። ማማው ላይ የተጀመረው መጋራት ወደ ሰፈሩ ቱቦና ወደ መጨረሻዋ ሽቦ መውረድ አለበት።

ቦዩ ሳይደፈን

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ፕላን ነበራት። በዚያን ጊዜ መኪና በጣት በሚቆጠርበት ሐይቅ ዳር፣ ንድፉን የሠሩ ሰዎች ጎዳናዎቿን ሰፊና ቀጥ ያሉ አድርገው አሰመሩ። ዛሬ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው በዚያ ስፋት ይተነፍሳል። ያኔ ጠባብ መንገድ ተሠርቶ ቢሆን፣ አሁን ለማስፋት ስንት ቤት በፈረሰ ነበር።

ከተማዋ እንደገና እንደዚያ ያለ ጊዜ ላይ ደርሳለች። በ2017 ዓ.ም. በሐዋሳም የኮሪደር ልማት ሲካሄድ እግረኛ መንገዱ እየተነሣ ተሠርቷል፣ ጎዳናው ዳር ተቆፍሯል። የፋይበርን ትልቁን ወጪ ቁፋሮው እንደሚበላ አይተናል። መንገዱ ለሌላ ሥራ በተከፈተ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ አብሮ መቅበር ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ኮንክሪቱ ከተነጠፈ በኋላ ያንኑ ቱቦ ለማስገባት ንጣፉን መስበር፣ ትራፊክ መዝጋት፣ ሱቅ ፊት አፈር መከመር ይመጣል። ያኔ የሚሰማው ጩኸት ጅብ ከሄደ በኋላ የሚሰማው የውሻ ጩኸት ነው።

ሦስት ነገሮች ከአሁኑ ሊደረጉ ይችላሉ። ከተማው መንገድ በከፈተ ቁጥር ባዶ ቱቦ እንዲቀብር፣ ያንንም ለፈለገ አቅራቢ ሁሉ በእኩል ዋጋ እንዲያከራይ ደንብ ማውጣት። ባለሥልጣኑ የቤት መስመርን በጅምላ የማከራየት ዋጋ ወስኖ በይፋ እንዲያሳውቅ መጠየቅ። እያንዳንዱ ቤተሰብም መስመሩን መለካት፦ ራውተሩ ላይ በኬብል ተገናኝቶ፣ ጠዋትና ማታ 2 ሰዓት፣ ለአንድ ሳምንት፣ ቁጥሩን በደብተር መዝግቦ። የጠዋቱና የማታው ቁጥር እኩል ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ ሽቦው ወይም ፓኬጁ ነው፤ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚወድቅ ከሆነ መስመሩ ላይ የተጫነው ሰው በዝቷል። «ኔት የለም» ከሚል ምሬት ይልቅ ሰባት ቀን የተመዘገበ ቁጥር ይዞ የሚቀርብ ደንበኛ ይደመጣል፤ መቶ ሆነው ሲቀርቡ ደግሞ ሊታለፉ አይችሉም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሰፈርዎ ሲቆፈር ካዩ ቦዩ አፍ ላይ ቆም ይበሉና መሐንዲሱን ይጠይቁ፦ «ስንት ቱቦ ነው የምትቀብሩት? ባዶስ ትተዋላችሁ?» መልሱ «አንድ ብቻ» ከሆነ፣ አፈሩ ሳይመለስ ወደ ከተማው አስተዳደር የሚሄዱበት ጥቂት ቀን አለዎት። የ1952ቱ ሰዎች ላላዩት መኪና መንገድ ትተውልናል። ከእኛ የሚጠበቀው የክንድ ያህል የማይወፍር ባዶ ቱቦ ነው።